ስለ አራሲቱ ኀዘንና ስለ ሕፃኑ ሐቅ

ሰውን ከደካማ ጠብታ ለፈጠረ፣ በእናቱም ማሕፀን ውስጥ ሲሳዩን ላላቋረጠበት ለአላህ ምስጋና ይሁን። ለእዝነት በተላኩት በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰባቸውና በባልደረቦቻቸውም ላይ ሰላምና በረከት ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፣ ውድ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ዛሬ የማነሣው ነገር በሚንበር ላይ ብዙ ጊዜ የሚነገር አይደለም። ስለ ዘካ፣ ስለ ሚዛን፣ ስለ ወለድ፣ ስለ ጎረቤት ሐቅ ብዙ ተብሏል፤ መባሉም ተገቢ ነው። ከአራስ ቤት መጋረጃ በስተጀርባ ስለሚፈሰው ዕንባ ግን ወንዶቹ «የሴቶች ጉዳይ ነው» ብለን አልፈነዋል፤ ሴቶቹም አፍረው ደብቀውታል። እኔም ከአላፊዎቹ አንዱ ነበርሁ። ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ በገዛ አፌ የሠራሁት ስሕተት ነውና ከእርሱ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በድባጤ ከተማ ሰሊጥና ለውዝ የሚነግድ አንድ ሰው ከመግሪብ ሶላት በኋላ ወደ እኔ ቀረበ። ሚስቱ ወንድ ልጅ ከወለደች ሁለተኛ ወሯን ይዛለች። አቂቃው በሰባተኛው ቀን በሚገባ ታርዷል፤ ዘመድ ተሰብስቧል፤ ገንፎው ተበልቷል፤ ዱዓውም ተደርጓል። «ነገር ግን፣ ሸይኽ፣» አለኝ፣ «ልጁ ሲያለቅስ እየሰማች አትነሣም። የምታጠባው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው። ልጁ ተኝቶ ሳለ እንኳ እርሷ አትተኛም። ትናንትና ደግሞ ይህ ልጅ ለሌላ እናት ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ይሻለው ነበር አለችኝ። ይህ የአላህን ጸጋ መካድ አይደለምን? ወደ አባቷ ቤት ልሰዳት አስቤአለሁ።»

እኔም ነገሩን ሳላጣራ ተነሣሁ። ውሃ አስቀርቤ ቀራሁበት፤ ከመጋረጃውም ውጭ ቆሜ ስለ ሶብርና ስለ ሹክር ረዘም ያለ ምክር ሰጠኋት። ልጅ የተነፈጉ ስንት ሴቶች እንዳሉ አስታወስኋት፤ ኢማኗን እንድታጠነክር ነገርኋት። አንዲትም ቃል አልመለሰችልኝም። ወደ ቤቴ ስመለስ መልካም የሠራሁ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ባሏ መጣና ከዚያች ሌሊት ጀምሮ እህል እንደ ቀረች ነገረኝ። «ለካ ባሌ ብቻ አይደለም፣ ሸይኹም ዐውቀውታል፤ እኔ እናት አይደለሁም» ማለቷንም ጨመረልኝ።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልመጣልኝም። ከፈጅር በፊት ተነሥቼ ሱረቱ መርየምን መቅራት ጀመርሁ። ይህን ሱራ በልጅነቴ በቁርኣን ቤት በሉሕ ላይ ጽፌ፣ አጥቤ፣ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ከዚያም ወዲህ ስንት ጊዜ እንደ ቀራሁት ቁጥሩን አላውቅም። ነገር ግን የመርየም ምጥ ከተነገረበት ስፍራ ስደርስ እንደ አዲስ ቆምሁ።

ልብ በሉ፤ መርየም ከሴቶች ሁሉ የተመረጠች፣ ሲሳይዋ በሚሕራቧ ይቀርብላት የነበረች ንጽሕት ናት። ምጡ ወደ ተምር ግንድ ባስጠጋት ጊዜ ግን ከዚህ አስቀድሞ በሞተችና ፈጽማ በተረሳች ብላ ተመኘች። ይህን የተመኘችው ኢማን አንሷት ነውን? አላህ ይጠብቀን፤ አንድ ሙስሊም ይህን በአንደበቱ አያወጣውም። ሥጋዋ ደክሞ፣ ብቻዋን ሆና፣ የሰውንም አፍ ፈርታ ነው።

ታዲያ ከጌታዋ የመጣላት መልስ ምን ነበር? እንደ እኔ ያለ ምክር አልነበረም። መካን የሆኑትን ሴቶች አልቈጠረላትም፤ ስለ ውለታ ቢስነትም አልገሠጻትም። እንዳታዝን ተነገራት፤ ከበታቿ ጅረት ተደረገላት፤ ከዛፉም የበሰለ ተምር ወረደላት፤ እንድትበላ፣ እንድትጠጣ፣ ዓይኗም እንዲረጋ ታዘዘች። ሰው ያየች እንደ ሆነም በዚያ ቀን ለማንም እንዳትመልስ፣ ዝም እንድትል ተደረገ። እንግዲህ ውሃ፣ ምግብ፣ ዕረፍት፣ ከሰውም ጥያቄ መከለያ ተሰጣት ማለት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት እየቀራሁት እኔ ለዚያች ሴት የሰጠኋት ከእነዚህ አንዱንም አልነበረም፤ እንዲያውም ጥያቄውን አበዛሁባት።

የሙሳንም እናት አስቡ። ሕፃኗን በሣጥን አድርጋ ወደ ወንዝ ከጣለች በኋላ ልቧ ባዶ ሆኖ እንደ ነጋ ሱረቱል ቀሰስ ይነግረናል፤ አላህ ልቧን ባያጠነክረው ኖሮ ምስጢሩን ልታወጣ ቀርባ ነበር። ልቧ ባዶ ሆነ የተባለችው እናት ልጇን የማትወድ አልነበረችም። የልብ ባዶነትና የፍቅር መጥፋት አንድ ነገር አይደሉም። ብዙ አራሶች «ምንም አይሰማኝም» ሲሉ እኛ «ልጇን ጠላች» ብለን እንተረጕመዋለን፤ ትርጓሜው ግን የእኛ ነው፣ የእርሷ አይደለም።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «አዲስ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ እናቶቻችን አያውቁትም ነበር» ይላል። እናቶቻችን ያውቁት ነበር፤ የሚጠይቃቸው ሰው አላገኙም እንጂ። ሊቃውንቶቻችንም ቢሆኑ ኀዘንን ከሺህ ዓመት በፊት መርምረዋል። በ322 ዓመተ ሂጅራ ያረፈው አቡ ዘይድ አል-በልኺ «መሷሊሑል አብዳን ወል አንፉስ» በተባለው መጽሐፉ ስለ ሥጋም ስለ ነፍስም ጤና ጽፎ፣ ኀዘንን በሁለት ይከፍለዋል። አንደኛው ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ የሚወዱትን ሰው ወይም ሀብትን እንደ ማጣት ያለ። ሁለተኛው ግን ባለቤቱ ስንኳ ምክንያቱን የማያውቀው ነው፤ ምንጩም በሥጋ ውስጥ፣ በደም ውስጥ መሆኑን ተናግሮ ሥጋዊ ሕክምና እንዲደረግለት ያዛል። ስለ ደሙ የነበረው ዕውቀት የዘመኑ ዕውቀት ነው፤ ኀዘንተኛውን ሁሉ በኃጢአት አለመወንጀሉ ግን ዛሬም ያስተምረናል።

በዘመናችን ሐኪሞች ይህን ሕመም ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ ይሉታል። (የከተማችን ስም ከዚህ ቃል በአንዲት ፊደል ብቻ መለየቱ አንዳንዴ ያስገርመኛል፤ እኛ የድባጤ ሰዎች ግን በተፈጥሮአችን ከሌላው ይልቅ ያዘንን አይደለንም።) ሐኪሞቹ የሚያስተምሩት እንዲህ ነው። በወለደች በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ገደማ ያለ ምክንያት ማልቀስ፣ ቶሎ መከፋት በብዙ እናቶች ላይ ይደርሳል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥም በራሱ ያልፋል። ኀዘኑ ከሁለት ሳምንት ያለፈ እንደ ሆነ፣ ልጁ ተኝቶም እርሷን እንቅልፍ የከለከላት እንደ ሆነ፣ ምግብ ያስጠላት፣ ቀድሞ ደስ ይላት የነበረው ሁሉ የደበዘዘባት፣ «እኔ የማልረባ እናት ነኝ» የምትል የሆነች እንደ ሆነ ግን ይህ ሕመም ነው። በእርግዝና ጊዜም ሊጀምር ይችላል፤ ከወለደች ከብዙ ወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል።

ከሺህ ወላዶች በአንዲቱ ወይም በሁለቱ ላይ የሚደርስ ከዚህ የከበደ ሌላ ደዌ አለ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ በድንገት ይነሣል፤ ሌሊቱን ሙሉ አትተኛም፤ ንግግሯ ይደባለቃል፤ የሌለ ድምፅ ትሰማለች፤ ሕፃኑ ክፉ ነገር የያዘው ይመስላታል። እንዲህ ያለችቱን በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ማድረስ ግዴታ ነው፤ እስክትደርስም ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን አትተዋት። «ሞት በተሻለኝ» የምትለዋን ሴት እንዲሁ። ነገ የገበያ ቀን ነው ብለህ አታቈይ።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ዙሪያ ከወለዱ ሴቶች 13 በመቶ የሚሆኑት፣ በታዳጊ አገሮች ደግሞ 20 በመቶ የሚጠጉት በአእምሮ ሕመም፣ ይልቁንም በድባቴ ይያዛሉ። ነጋዴ ሒሳብ ያውቃልና ስሌቱን ለእናንተ እተዋለሁ፤ በዚህ ዓመት በሰፈራችሁ የስንት ልጅ አቂቃ በላችሁ? በአገራችንም ነገሩ ተመርምሯል። ብዙ ሙስሊሞች በሚኖሩባት በቡታጅራ አካባቢ ከ1997 እስከ 1998 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡሮች ተመዝግበው ነበር። በእርግዝናቸው ጭንቀት የጸናባቸው ሴቶች ምጣቸው የሚራዘም፣ ጡት ማጥባት የሚጀምሩትም ዘግይተው ሆኖ ተገኘ፤ የተጨነቁ እናቶች ሕፃናትም በተቅማጥ ይበልጥ ይታመሙ ነበር። ስለዚህ እናቲቱን መርዳት ሕፃኑን መርዳት ነው፤ ሁለቱ በአንድ ሚዛን ላይ ናቸው።

ስለ ሕፃኑ ትንሽ ልቈይ። ሕፃን ገና በማሕፀን ሳለ የእናቱን ድምፅ ይሰማል። በተወለደ ጊዜ ዓይኑ አጥርቶ የሚያየው አንድ ስንዝር ገደማ ነው፤ ይኸውም ከጡቷ እስከ ፊቷ ያለውን ያህል ርቀት መሆኑን አስቡት። ከዓለም ሁሉ አስቀድሞ እንዲያይ የተደረገው ፊት የእናቱ ፊት ነው። ኤድዋርድ ትሮኒክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እናቶች ከልጆቻቸው ጋር ሲጫወቱ ቈይተው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ፊታቸውን ያለ ስሜት እንዲያቆሙት አደረገ። ሕፃናቱ መጀመሪያ ፈገግ አሉ፤ እጃቸውን ዘረጉ፤ እናቲቱን ለመመለስ የሚያውቁትን ሁሉ ሞከሩ። ፊቷ ያልተመለሰ እንደ ሆነ ግን ራሳቸውን ዘወር አደረጉ። የታመመች እናት ፊቷ እንዲህ የሚሆንባት ወድዳ አይደለም፤ እርሷም ታውቀዋለች፤ ሌሊት የሚያስለቅሳትም አንዱ ይኸው ነው።

ይህን የነገርኋችሁ ግን እናቲቱን ሌላ ሸክም ልጨምርባት አይደለም። የእናትና የልጅ ትስስር በወለደች ሰዓት ካልታተመ የሚቀር ማኅተም አይደለም። በመያዝ፣ በማጥባት፣ በመታጠብ፣ በማንጐራጐር ቀስ በቀስ የሚሠራ ነው፤ ዘግይቶ የጀመረም ይደርሳል። እናቲቱ እስክትጠነክር ድረስም የአባት ፊት አለ፤ የአያት ፊት አለ። የነቢያችን (ሰላምና በረከት በእርሳቸው ላይ ይሁን) አጥቢ ሐሊማ እንደ ነበሩ ታውቃላችሁ፤ አሚና ከእናቶች ሁሉ የከበሩ እናት ናቸው፤ ልጃቸውን ሌላ ሴት በማጥባቷ ማንም አልነቀፋቸውም። ወተቷ ያነሰባትን ወይም ማጥባት የከበዳትን ሴት «ምን ዓይነት እናት ነሽ» የሚል ሰው ይህን ያስታውስ። ሱረቱል በቀራም ስለ ማጥባት ሲናገር ማብላቱንና ማልበሱን በአባት ላይ አድርጎ፣ እናት በልጇ ምክንያት እንዳትጐዳ አዟል። በልጇ ምክንያት መጐዳት ማለት ምን ማለት ነው? ገንዘብ መከልከል ብቻ ይመስላችኋልን?

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ ነጋዴ ወንድሜ ሆይ። አንተ እጅህን ወደ ማዳበሪያው ከትተህ የሰሊጡን እርጥበት ታውቃለህ። የዱቤ መዝገብህን ገልጠህ ማን ምን እንደ ቀረበት በቃልህ ትናገራለህ። ከቻግኒ የመጣ መኪና ጐማው እንደ ላላ በድምፁ ትለየዋለህ። በቤትህ ያለችው አደራ ግን ስንት ሌሊት እንዳልተኛች ብጠይቅህ ትመልስልኛለህን?

በመተከል ከእኛ ጋር በሚኖሩት በጉሙዞች ዘንድ፣ በቀደመው ልማድ፣ ሴቲቱ ምጧ ሲመጣ ከቤት ወጥታ በጫካ ወይም በወንዝ ዳር ብቻዋን ትወልድ ነበር። ይህን ለማስቀረት ራሳቸው የጉሙዝ ሴቶች ሲጥሩ ቈይተዋል። ከነጋዴዎቻችን አንዳንዱ ይህን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ግን እላለሁ፤ ሚስቱን በቈርቈሮ ቤት፣ በመጋረጃ ውስጥ፣ በሰው መካከል ብቻዋን የተወ ሰው በሌላው ልማድ ለመገረም ምን ፊት አለው?

በ2013 ዓ.ም. በዞናችን ደም ፈስሶ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው በተፈናቀለ ጊዜ፣ በቻግኒ አጠገብ በራንች መጠለያና በሌላውም ስፍራ በሸራ ሥር ያረሱ ሴቶች ነበሩ። ባሏን ቀብራ የወለደች አለች፤ ባሏ የት እንደ ደረሰ ሳታውቅ የወለደችም አለች። የእነዚህ ኀዘን አል-በልኺ በመጀመሪያው ክፍል የጻፈው፣ ምክንያቱ የታወቀው ነው፤ ከሁለተኛውም ጋር ተደርቦባቸዋል። ዛሬ ተመልሰው በመካከላችን ይኖራሉ፤ ከሱቃችሁም ጨውና ሳሙና ይገዛሉ። ዳግመኛ ሲያረግዙ ፍርሃቱ አብሮ ይመለስባቸዋልና ጎረቤቶቻቸው የሆናችሁ እኅቶች አትራቋቸው።

ስለ ጅንና ስለ ዛር የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። ጅን መኖሩን ቁርኣን ነግሮናል፤ አንክደውም። ነገር ግን ያዘነችን ሴት ሁሉ «ተለክፋለች» ማለት ያለ ዕውቀት መመስከር ነው። ጢስ ማጤስ፣ መግረፍ፣ በአራስ ጆሮ ላይ መጮኽ ከዲናችን አይደለም፤ በደል ነው። ቁርኣን ቅራላት፤ ዱዓ አድርግላት፤ ወደ ጤና ጣቢያም ውሰዳት። ነቢያችን ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት እንዳለው አስተምረው እንድንታከም አዘዋል። ከመድኃኒቶቹ ውስጥ ለምታጠባ እናት የሚስማሙ አሉ፤ ሐኪሙ ይመርጥላታል፤ ተሻለኝ ብላም በገዛ እጇ አታቋርጠው። በቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የመጀመሪያዋ በር ናቸው፤ ከጤና ጣቢያው አቅም ያለፈውም ወደ ፓዊ ሆስፒታል ወይም ወደ አሶሳ ይላካል።

መድኃኒት የማያስፈልጋትም ብዙ ናት። በሙስሊሟ አገር በፓኪስታን፣ በራዋልፒንዲ ገጠር፣ የመንደር የጤና ሠራተኛ ሴቶች ጥቂት ሥልጠና ተሰጥቷቸው በድባቴ የተያዙ ነፍሰ ጡሮችን ከመውለጃቸው ወር ጀምሮ በየቤታቸው እየሄዱ ያነጋግሩ፣ ከባሎቻቸውና ከአማቶቻቸውም ጋር ይመካከሩ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ውጤት እንዲህ ይላል፤ ከወለዱ ከስድስት ወር በኋላ እንዲህ ካልተረዱት መካከል 53 በመቶዎቹ ገና ታመው ሳለ፣ ከተረዱት መካከል ግን ሕመሙ የቀረባቸው 23 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። የሠሩት ሥራ ቁጭ ብሎ መስማትና ቤተ ሰቡን ማስተባበር ነበር።

አማቶችና ዱበርቲዎች ሆይ፣ ለእናንተም ድርሻ አለ። አራስ ልትጠይቁ ስትሄዱ «እኔ ሰባት ወልጄ እንዲህ አልሆንሁም» አትበሉ። ሴት ልጅ የወለደችቱን «የሚቀጥለው ወንድ ይሁንልሽ» አትበሏት፤ ከዱዓ ይልቅ ስድብ ይመስላልና። ልጁን ተቀብላችሁ እርሷን አስተኟት። በኒፋስ ሳለች ሶላትና ጾም የተነሣላት፣ በሐነፊዮች ዘንድ እስከ 40፣ በሻፊዒዮች ዘንድ እስከ 60 ቀን፣ ከአላህ የመጣ ማረፊያ ነው። ከጌታዋ የራቀች የሚመስላት ሴት አለችና ዚክርና ዱዓ በዚያም ጊዜ እንዳልተዘጋባት ንገሯት። በረመዷንም የምታጠባ እናት ለራሷ ወይም ለልጇ የፈራች እንደ ሆነ ማፍጠር ተፈቅዶላታል፤ ሰው እንዳያያት እየተደበቀች የምትበላ አታድርጓት። ነቢያችን በሶላት ላይ ቆመው የሕፃን ለቅሶ በሰሙ ጊዜ በእናቱ ላይ እንዳይከብድ ሶላቱን ያሳጥሩ ነበር። ሶላት እንኳ ለእናት ልብ ሲባል ካጠረ፣ የእኛ ወሬ ለምን አያጥርም?

ወደዚያ ነጋዴ ልመለስ። በሦስተኛው ቀን በመጣ ጊዜ ወደ አባቷ ቤት መስደዱን ትቶ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዳት ለመንሁት። ወሰዳትም። ሕመሟ ታወቀ፤ ሕክምናም ጀመረች፤ ከእናቱም ጋር ተነጋግሮ በቤቱ ያለውን ሥራ ከፋፈለው። ከዐስር ሶላት በኋላ ሱቁን እየዘጋ ይገባ ጀመር። በገበያው «ሞግዚት ሆነ» ብለው ቀለዱበት፤ መቅለዳቸውን እኔም ሰምቻለሁ። ከሌሊቱም እኩሌታ ልጁን እርሱ ይይዘው ነበር። ነገሩ በአንድ ሳምንት አልተፈታም። አንድ ወር አለፈ፤ ሁለተኛውም ገባ፤ ተሻላት ሲል ትመለስባት ነበር። አንድ ጁሙዓ ግን ከመስጊድ ደጅ ጠብቆ፣ «ዛሬ ጠዋት ልጁን ካጠባችው በኋላ መልሳ አልሰጠችንም፤ ይዛው ቀረች» አለኝ። ሌላ ምንም አልተናገረም፤ ጫማውን ይዞ ሄደ።

ከዚያ በኋላ እኔም ይቅርታ የመጠየቅ ዕዳ ነበረብኝና ወደ ቤታቸው ሄድሁ። ከመጋረጃው ውጭ ቆሜ በዚያች ሌሊት ለተናገርሁት አፉ እንድትለኝ ለመንኋት። ሕፃኑ ከውስጥ ያንጐራጕር ነበር። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፣ «አፉ ብያለሁ፣ ሸይኻችን፤» አለችኝ፣ «ወደ ሌላዪቱ አራስ ሲጠሩዎት ግን ከምክሩ አስቀድመው እንቅልፍ አግኝታ እንደ ሆነ ይጠይቁልኝ።»